አድማሴን ዘለሉት

ቆሰበር ሄጄ የት ልብላ፣ የት ልጠጣ፣ ምን ልይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ወረቀት ላይ እንጅባራ ተብሎ የሚጻፈውን ከተማ እኛ አሁንም ቆሰበር ነው የምንለው። ለጠያቂዎቼ የምሰጠው ዝርዝር ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አልተለወጠም፤ ጥብስ ጋሽ አድማሴ ቤት፣ ጠጅ እማማ ይታይሽ ቤት፣ ሐይቅ ዘንገና፣ ድንች ደግሞ ጥሊሊ ገበያ ዳር። ሰዎች ደርሰው ሲመለሱ ይጣሉኛል። አንዱ ቤት ተዘግቷል፣ አንዱ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሆኗል፣ ድንች ቀቃይዋም ልጆቿ ጋ ባሕር ዳር ገብታለች ይሉኛል። እኔ ግን ዝርዝሬን አልነካም። በዚህ ዝርዝር ምክንያት አንድ ሠርግ ተደግሷል፣ አራት ልጆች ተወልደዋል፣ አንድ ልኳንዳ ነጋዴም ሳይወልዱ ቅድመ አያት ሆነዋል።

ያኔ የምንኖረው ዳንግላ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት እትዬ የሻረግ እኛው ቤት ሆና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምር ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቴ «ሃያ ሰባት» የምትለው ስለ ሰው በሽታ ስታወራ በምትጠቀምበት ድምፅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ፀጉሬን ሠርታ፣ የጥምቀት ቀሚሴን አልብሳ፣ አባቴን «ፀደይን ዘንገናን ላሳያት ነው» አለችው።

አባቴ ምንይችል የሽርሽር ጥቅም ተገልጦለት የማያውቅ ሰው ነው።

«ውኃ ለማየት ነው ይኼ ሁሉ መንገድ? የእኛ ጉድጓድ ምን ሆነ?» አለ።

ግን ፈቀደ። የፈቀደው ስለሚወደኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሕፃን ያስከተለች ሴት የትም አትደርስም ብሎ ነው። ጠባቂ ሆኜ ተልኬ ነበር ማለት ነው፤ ሥራዬን ማንም ስላልነገረኝ ግን ስለ ከረሜላ እያሰብኩ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላችን አንድ ረጅም ሰው ተቀምጦ ነበር። ቆሰበር ስንወርድ አብሮን ወረደ። እትዬ «ጋሼ ክንዴ ይባላል፤ ቦታውን ያሳየናል» አለችኝ፤ አስጎብኚ መሆኑ ገባኝ። የእትዬን ቦርሳ ስለያዘ አላጠራጠረኝም። አስጎብኚ ግን ያወራል፤ ይኼኛው ዝም ብሎ እትዬን ነው የሚያየው። ከተማ የማያሳይ አስጎብኚ ምን ይሠራል ብዬ ወዲያው ፈረድኩበት። ክንዴ ለገበሬ የግራር ችግኝ የሚያከፋፍል የግብርና ባለሙያ ነበር፤ እትዬን ለማግባት ሽማግሌ ከላከም ሦስት ወሩ ነው። ይህን በቤታችን የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጀመሪያ የገባነው ጋሽ አድማሴ ልኳንዳ ነው። ከፊት ሥጋ ይሸጣል፣ ከኋላ ይጠበሳል። ከኋላ ባለው ክፍል አንዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸፈነ ሥዕል ነበር፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ዘመም ያለ ዘንባባ፣ መሐል ላይ ትንሽዬ ደሴት። ከሥዕሉ አጠገብ ግማሽ በሬ ተሰቅሏል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውብ ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ የት ነው?» አልኩት።

ክንዴ ቀና ብሎ እንኳ በደንብ ሳያይ፣ «ዘንገና ነዋ። በወዲያኛው በኩል ሲያዩት» አለኝ።

አመንኩት። አስጎብኚ ነዋ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚህ ጉዞ ላይ አንድ ዓላማ ብቻ ነበረኝ፤ ደሴቱ ላይ መድረስ።

ጋሽ አድማሴ ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ ትከሻቸው በሩን ይሞላዋል። ነጭ ሽርጥ ታጥቀው፣ የእኔን ክንድ የሚያህል ቢላ ይዘው መጡና ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ይቺማ በርበሬ አትችልም» ብለው ለብቻዬ ጮማ ያልበዛበት ጥብስ በትንሽ ብረት ምጣድ አስጠበሱልኝ፤ እስክጨርስም አጠገቤ ቆሙ። አስተናጋጇ ውቢት ወደ እትዬ ጆሮ ዘንበል አለች።

«ልጅ ማብላት ነፍሳቸው ነው» አለች። «እግዜር ለእሳቸው አንድ እንኳ አልሰጣቸውም። ሚስታቸውም በዚሁ ነገር ጥላቸው ሄደች። ነገ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ምስኪን!»

ስሙን የሚጠራለት ሰው ማጣት ከባድ ችግር መሰለኝ፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። «ጋሽ አድማሴ!» አልኩ። «አቤት!» አሉኝ። ጎረስኩና «ጋሽ አድማሴ!» አልኩ። «አቤት፣ የኔ እመቤት!» አሉኝ። ጥብሱ እስኪያልቅ አንድ አሥር ጊዜ ያህል ጠራኋቸው፤ አንዱንም ሳይሰለቹ አቤት አሉ። እትዬ አፍራ አፌን ልትይዘኝ ስትሞክር፣ «ተያት፣ ይጣፍጣል» አሏት።

ሒሳብ አስተማሪዋ እትዬ ቅዳሜዋን ለምን እንዲህ እንዳሳለፈች አሁን ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ዘር ይቆጠራል። አያቶቻቸው ወደ ላይ ሲጠሩ ከሰባት ቤት በታች ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ ጋብቻ የለም። የቤተሰባችን ቆጣሪ አያ ነጋ ዳንግላ ላይ ቆጥረው እትዬና ክንዴ ዘለቀ በሚባል ሰው ላይ በስድስት ቤት ይገናኛሉ አሉ። አንድ ቤት ጎደለ። የመጨረሻው ቃል የሚሰጠው በማግሥቱ እሑድ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። እትዬ ደግሞ ስድስቱን አልቀበልም አለች። የአንድ ሐኪም ምርመራ ያልተዋጠለት ሰው ሌላ ሐኪም ጋ እንደሚሄደው፣ እሷም በየከተማው ያሉ ቆጣሪዎችን ልትጠይቅ ወጣች። ቆጣሪዎቹ ደግሞ የሚገኙት ጠጅ ቤት፣ ገበያ ዳርና ሐይቅ አጠገብ ነበር። እኔ ለመዝናናት የወጣን መሰለኝ።

ከጋሽ አድማሴ ቤት ወደ እማማ ይታይሽ ጠጅ ቤት አለፍን። እዚያም ግድግዳው ላይ ያው ባሕር፣ ያው ዘንባባ፣ ያው ደሴት አለ። ከተማው ሁሉ ስለ ዘንገና እንዲህ የሚኮራ ከሆነማ እውነት ነው አልኩ። እማማ ይታይሽ ለእኔ ብርዝ ሰጥተው፣ ለእነ እትዬ ጠጅ ቀድተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«የሻረግ ዓለሙ። ዓለሙ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ መርሻ፣ ጓንጉል፣ ዘለቀ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «በእሱም በኩል ስድስተኛው ዘለቀ ነው። ስድስት፣ ልጄ። በይ ጠጁን ጠጪው።»

እትዬ ብርሌውን አንስታ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ክንዴ የሚያየው የጫማውን ጫፍ ነበር። እኔ ብርዜን ጨርሼ «አሁን ወደ ደሴቱ እንሂድ» አልኩ።

ዘንገና በባጃጅ ደረስን። ክብ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ዙሪያውን ደን ነው። ዛሬ ለሰው ሁሉ የምመክረው ቦታ ነው። ያን ቀን ግን ተናደድኩ። ዘንባባ የለም። ነጭ አሸዋ የለም። አንድ ጦጣ ብቻ ከዛፍ ወርዳ የያዝኩትን ዳቦ ነጥቃኝ፣ እያየችኝ በላችው።

«ዘንባባው የታለ?»

«ወዲያ ማዶ ነው» አለ ክንዴ። ድምፁ ደክሟል።

ዳር ላይ ፈረስ የሚጠብቁ አያ ዓባይነህ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከክንዴ ጋር በአውንጊ ማውራት ጀመሩ፤ የክንዴ እናት ቋንቋ ነው። እኔ የምለየው ስሞቹን ብቻ ነበር። ዓለሙ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ መርሻ… እነዚህን ሰዎች የት ሄደን ብናመልጣቸው ይሻላል? በመጨረሻ ሽማግሌው አንድ ሙሉ እጅና አንድ ጣት ወደ ላይ አነሡ። ስድስት! ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ጀልባ ስድስት ሰው ካልሞላ አይነሣም፤ እኛ ደግሞ ሦስት ነን። ስለዚህ እትዬና ክንዴ ሣሩ ላይ ሲቀመጡ ሰው የሚጠብቁ መሰለኝ። እኔም ለመርዳት መንገዱ ዳር ቆሜ ሰው ፍለጋ ጀመርኩ። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት «ወደ ደሴቱ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ አማተበችና አለፈች።

ዘወር ብዬ ሳይ ሁለቱ አይነጋገሩም። በመሐላቸው አንድ እኔን የሚያስቀምጥ ክፍተት አለ። ሄጄ እዚያ ቁጭ አልኩበት። ያኔ የተቀመጥኩት ቦታው ስለተመቸኝ ነው።

ጥሊሊ የመጨረሻው ተስፋ ነበር። ገበያው ዳር ሆነን ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን፣ እትዬ በሰው በሰው ያገኘቻቸው አንድ ሽማግሌ አሰቡ፣ አሰቡ፣ ጢማቸውን ጎተቱ፣ «አምስት ቤት ነው» አሉ።

«አምስት?» አለች እትዬ፤ ድንቿ ከእጇ ወደቀ። «ጭራሽ ይቀንሳል እንዴ?»

«መርሻና ቢተው ወንድማማቾች ናቸው፣ አባትና ልጅ አይደሉም። ይኼ የታወቀ ነው።»

«ለማን ነው የታወቀው?»

«ለእኔ» አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው።

ክንዴ እጇን ይዞ አስነሣት። እኔ የደነገጥኩት ጀልባው እየጠበበ በመሄዱ ነበር።

ስንመለስ እትዬ የሚኒባሱን መስኮት ይዛ አለቀሰች። መንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ ያልፋል፣ እሷ ታለቅሳለች። ክንዴ ከኋላ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ነገ እመጣለሁ። የሚሉትን ፊት ለፊት ሰምቼ እሄዳለሁ» አላት። «ነገ ስድስት ካሉ አበቃ ክንዴ፤ አባብዬን አውቀዋለሁ» አለችው። አባብዬ የምትለው አባቴን ነው። እኔ እጇን ያዝኩና፣ «እትዬ አታልቅሺ፣ ሌላ ቀን ሰው ሲሞላ እንሻገራለን» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ከበፊቱ የባሰ አለቀሰች።

እሑድ ጠዋት ጓሮ ውስጥ ገመድ እዘላለሁ። የገመድ ዝላይ ዘፈን ያስፈልገዋል፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስሰማ የዋልኳቸው ስሞች ነበሩኝ። ዓለሙ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ መርሻ፣ ጓንጉል፣ ዘለቀ። አይሄድም። መርሻ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ገመዱ እግሬን ይይዘኛል፤ አንድ ስም ጎድሏል። ስሙን የሚጠራለት ያጣ አንድ ሰው ደግሞ አውቃለሁ። ዓለሙ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ መርሻ፣ አድማሴ፣ ጓንጉል፣ ዘለቀ! እንዴት ያለ ዝላይ ሆነ! ሳልወድቅ አርባ ደረስኩ።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተሰብስበዋል። ክንዴ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ፣ ከሁለት የእሱ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጧል። እትዬ በጓዳው በር መጋረጃ ሥር እግሯ ብቻ ይታያል። አያ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጀመሩ።

«ዓለሙ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ መርሻ፣ ጓንጉል…»

«አያ ነጋ፣ አድማሴን ዘለሉት!» አልኩ ከበሩ ላይ፣ ገመዴን እንደያዝኩ።

አባቴ ሊገርፈኝ ብድግ ሲል አያ ነጋ በእጃቸው መለሱት።

«ማንን ነው የዘለልኩት?»

«አድማሴን። ከመርሻ በኋላ፣ ከጓንጉል በፊት።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

የማውቀውን ተናገርኩ። «ትልቅ ሰው ነው። ትከሻው በር ይሞላል። ነጭ ይታጠቃል። ይህን የሚያህል ስለት አለው» ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ፤ «ለማያውቀው እንግዳ እንኳ በሬ አርዶ ያበላል።»

አንደኛው ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። «ባለ ጎራዴው አድማሴ!» አሉ።

«በለጋስነቱ የሚታወቀው» አሉ ሌላው።

«ግብሩን ሲጥል ሦስት ቀን አይነሣም ይባል የለም!» አሉ ሦስተኛው፤ ማን እንደሚለው እግዜር ይወቅ። አያቱን አያውቅም መባል የፈራ ሁሉ ስለ አድማሴ አንድ ነገር ጨመረለት። ቦራ ፈረስ ሰጡት። አንድ ጦርነት አዘመቱት፣ ጭኑ ላይ አቆሰሉት። ክንዴ ትናንት ጥብስ ያበሉትን ሰው ጀግንነት እየሰማ ትን ብሎት ውኃ ተሰጠው። መጋረጃው ሥር ያሉት እግሮች አንድ እርምጃ ወደ ሳሎኑ ቀረቡ።

«አንተስ ምንይችል? ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉ አያ ነጋ።

አባቴ በስንት ሰው ፊት የገዛ ቅድመ አያቱን አላውቅም ይበል? «ስሙማ… ስሙ በቤታችን ይነሣ ነበር» አለ።

አያ ነጋ ጣታቸውን እንደገና አጠፉ። ዓለሙ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ መርሻ፣ አድማሴ፣ ጓንጉል፣ ዘለቀ። «ሰባት። በአንዱ ወገን ሰባት ከሞላ ይበቃል» ብለው ፈረዱ። እንዲህ ያለ ሕግ ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ተሰምቶ አይታወቅም። ለሽማግሌዎቹ የታረደው በግ በስሎ ስለደረሰ ግን የተከራከረ አልነበረም። እትዬ መጋረጃውን ቀዳ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። እልል ያለችው እናቴ ናት፤ ሃያ ሰባት ስትል የነበረችው።

እኔ የጀልባው ነገር የተስተካከለ መስሎኝ ክንዴን «እንግዲህ ደሴቱ መቼ ነው?» አልኩት። አንሥቶ ሳመኝ።

ለብዙ ዓመታት ሽማግሌዎቹን ያታለልኩ እየመሰለኝ ኩራትም ፍርሃትም ነበረብኝ። አያ ነጋ አልጋ ላይ ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ ተናዘዝኩላቸው። ሳቁብኝ።

«አድማሴን የማላውቀው መሰለሽ? ቆሰበር ለገበያ በሄድኩ ቁጥር ጎድን የሚቆርጥልኝ እሱ አይደለም እንዴ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ስድስት ብዬ የቆጠርኩ ዕለት ያቺ ልጅ ያየችኝን አስተያየት ስንት ሌሊት አላስተኛኝም። ቃሌን እንዳልበላ አንድ ሰው ቸግሮኝ ነበር። አንቺ ይዘሽ መጣሽ።»

አድማሴ ግን ከዚያ በኋላ በእኛ እጅ አልቀሩም። የቤተሰብ ማኅበር ሲቋቋም የዘር ሐረጉ ታትሞ በየቤቱ ተሰቀለ፤ በመርሻና በጓንጉል መሐል ስማቸው በደማቁ ተጽፏል። ካቻምና አንዱን ጠቅልዬ ቆሰበር ወሰድኩላቸው። ልኳንዳው ተዘግቷል፤ ጋሽ አድማሴ ከኋላው ክፍል ውስጥ፣ ከደበዘዘው ባሕርና ደሴት ሥር አልጋቸውን ዘርግተው ይኖራሉ። ትከሻቸው ተሟጦ አልቋል። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኳቸው፤ ቦራ ፈረሳቸውንም ጨምሬ። በጣታቸው ከስማቸው ወደ ታች እስከ መጨረሻው ተከተሉ።

«ከእኔ ወዲህ ያለው ስንት ሰው ነው?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ በሕይወት ያለው ብቻ።»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጅ ኖሮኝ» አሉ፣ «አንዳችሁ እንኳ መጥታችሁ እንዴት አደርክ አላላችሁኝም!»

ሊቀልዱ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ፊታቸውን ወደ ደሴቱ መለሱ። እኔም «ጋሽ አድማሴ!» አልኩ። «አቤት፣ የኔ እመቤት» አሉኝ።

ባለፈው ጥቅምት አረፉ። የነገርኩት ለእትዬና ለክንዴ ብቻ ነበር፤ እትዬ ግን ለማኅበሩ ሁሉ ደወለች። አባቴ በመንገድ ላይ፣ «ይኼ ሰውዬ ስሙ የወጣለት በእኛ በአድማሴ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ አባዬ» አልኩት። «እንግዲያው የእኛ ሰው ነው» አለና፣ በሰባ ዓመቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መቃብሩ ቃሬዛ ተሸከመ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በር ላይ የእድሩ ጸሐፊ ደብተር ይዞ እንግዳ ያስተናግድ ነበር። ሟች ልጅ የላቸውም ተብሎ ስለተነገረው ወደ ቤተሰቡ ወገን የሚገባው ሰው ብዛት ግራ አጋብቶታል።

«ለሟች ምናቸው ነሽ?» አለኝ።

በጣቴ ቆጠርኩለት። «ምንይችል፣ ዓለሙ፣ ፈንቴ፣ ቢተው፣ መርሻ፣ አድማሴ። በስድስት ቤት ነኝ።»

«ስድስት ቤትማ ቅርብ ነው» አለ ጸሐፊው፤ «ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጪ።»

ገባሁ። የቤተሰቡ ወንበር ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ስለነበር ቆሜ አለቀስኩ።